ሰባት ቤት ቆጣሪው ስልኬ

ስለ ስልክ ያለኝን እውቀት ሳልደብቅ ልናገር። ስልክ ሲበላሽ ክዳኑን እከፍታለሁ፣ ባትሪውን አወጣለሁ፣ እፍ እልበታለሁ፣ በሸሚዜ ጠርዝ ጠረግ አደርገውና መልሼ እከተዋለሁ። ከበራ ጠገንኩት እላለሁ። ካልበራ "ቦርዱ ነው" እላለሁ። ቦርድ ምን እንደሆነ እኔም ባለስልኩም አናውቅም፤ ቃሉ ግን ክብደት ስላለው ሰውየው ራሱን ነቅንቆ፣ ለድካሜም አመስግኖኝ ይሄዳል። በዚህ እውቀት ንፋስ መውጫ ላይ ሞባይል ቤት ከፍቼ ስኖር ከተማው የቴክኖሎጂ ሰው አድርጎ ቆጠረኝ። ሰው ደጋግሞ እንዲህ ነህ ሲልህ ውለህ አድረህ ማመንህ አይቀርም። እኔ ግን ውዬ ሳላድር ነው ያመንኩት።

በጣት የሚነካው ስልክ ወደ እኛ አገር መግባት የጀመረበት ጊዜ ነበር። ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ሁሉ "አፕ" የሚል ነገር ያወራል። አንዱ አፕ ሠርቶ መኪና ገዛ፣ ሌላው አፕ ሠርቶ ፎቅ ጀመረ ይባላል። አፕ ምን እንደሆነ ጠይቄ የተረዳሁት ይህን ያህል ነው፦ ስልክ ውስጥ ቁጭ ብሎ አንተ ተኝተህ እሱ የሚሠራ ነገር ነው። ይህ ሥራ ለእኔ የተፈጠረ መሰለኝ። የጎደለኝ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ ሐሳቡንም ሰርግ ላይ አገኘሁት።

ሰርጉ እስቴ ውስጥ ነው። የሙሽራው ጓደኛ ጓደኛ ሆኜ ነው የሄድኩት፤ በሌላ አነጋገር ለምግቡ። ዳሱ ተጥሎ፣ በሬው ታርዶ፣ ሙሽራው ሊነሣ ሲል አንዲት አሮጊት በትራቸውን ተደግፈው ገቡና፣ "ይች ልጅ እኮ በአምስተኛ ቤት እኅቱ ናት" አሉ። በእኛ አገር ሰው የሚጋባው በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ዘር ተቆጥሮ አለመገናኘታቸው ሲታወቅ ነው። የእነዚህም ተቆጥሮ ነበር፤ ግን በቆጠራው ቀን አሮጊቷ ታመው ተኝተው ኖሯል። ሽማግሌ ተሰብስቦ እንደገና ቢቆጥር እውነትም ተገናኙ። ሰርጉ ፈረሰ። በሬው ግን አንዴ ታርዷልና ሁለቱ ወገኖች ዘመድነታቸውን አውቀው አብረው በሉት። እኔም በላሁ። ሐሳቡ የመጣልኝም ሁለተኛውን ሳህን ይዤ ስቀመጥ ነው፤ ለምን ስልክ አይቆጥርም?

ልጅየው ስሙን ይነካል፣ ልጅቷን ይነካል፤ ስልኩ የሁለቱንም አባቶችና እናቶች እስከ ሰባት ቤት ወደ ኋላ ይሄድና ተጋቡ ወይም አትጋቡ ይላል። አሮጊት መጠበቅ የለም፣ ዳስ ከተጣለ በኋላ መበታተን የለም። ስሙን "ሰባት ቤት" አልኩት። ስሙን ለማውጣት ብዙ ቀን ፈጀሁ፤ ምክንያቱም ከሥራው ሁሉ የገባኝ ክፍል እሱ ብቻ ነበር።

ባሕር ዳር ናትናኤል የሚባል ፕሮግራመር አገኘሁ። ቀጭን፣ ትሁት፣ ሲያወሩት ዓይኑን ከኮምፒውተሩ የማያነሣ ልጅ ነው።

"ሎጂኩን ንገረኝ" አለኝ።

ሎጂክ ያለው ሎጎ የሚሉት ምልክት መሰለኝ። "አረንጓዴ አድርገው፤ ቢቻል ጥላ ያለው ዋርካ ይሁንበት" አልኩት።

ናትናኤል፣ "እሺ፣ ሌላ ልጠይቅህ። መቁጠሩን እኔ እሠራዋለሁ፤ የአባቶቹ ስም ግን ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከሽማግሌ ነዋ።"

"ሽማግሌው ቢሳሳትስ?"

"የእኛ አገር ሽማግሌ አይሳሳትም" አልኩት። ይህን ቃሌን ዛሬም አላጥፍም። የሆነው ሁሉ ሆኖ፣ አልተሳሳቱም።

የጨመርኩት ትእዛዝ አንድ ነበር። ሁለቱ ሰዎች የሚጋቡ ከሆነ አረንጓዴ ይብራ፤ ዘመዳሞች ከሆኑ ግን ቀይ በርቶ እንደ ኳስ ዳኛ ያፏጭ። ናትናኤል ፉጨቱ ለምን እንዳስፈለገ ቢጠይቀኝ፣ "ፊደል ያልቆጠረም ሰው እንዲገባው" አልኩት። ይህ ከእኔ አፍ ከወጡት ሐሳቦች ሁሉ ብልሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ዘር ለቀማ ተነሣሁ። ገበያ በዋለ ቁጥር ዛሬ ጋይንት፣ ነገ እስቴ፣ ከነገ ወዲያ ስማዳ እያልኩ ሽማግሌ ፊት ስልኬን ደቅኜ አባቶቻቸውን እያስቆጠርኩ ድምፃቸውን እቀዳለሁ። መጀመሪያ ሰው አልቀረበኝም። "ለምን ይሆንሃል?" ይሉኛል፤ "ለአፕ" እላለሁ፤ ጥለውኝ ይሄዳሉ። ስለዚህ ንግግሬን አሳመርኩት። "አባቶቼ፣ ይህ በኮምፒውተር የሚመዘገብ ነው። ማን የማን ዘር እንደሆነ ከእንግዲህ ተለይቶ ይታወቃል። ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር ነው፤ ያልተመዘገበ በኋላ ቢቆጨው አያገኘውም" አልኩ። ጋብቻ የሚለውን ቃል ሆነ ብዬ ተውኩት፤ ለሽማግሌ ስለ ጋብቻና ስለ ስልክ ባንድ አፍ ማውራት ነውር መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ሰልፍ ሆነ። በበቅሎ የመጣ አለ፣ በልጅ ተደግፎ የመጣ አለ፣ ወንድሙ ሳይቀድመው ሊቀድም ጎሕ ሲቀድ የተነሣ አለ። ሁሉም ሲቆጥሩ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ብለው ምንዝላትን አልፈው በመጨረሻ አንድ ሰው ላይ ያርፋሉ፤ ቢተው። ቢተው ማን ነው ብዬ ብጠይቅ በድሮ ዘመን ከወንዙ ማዶ እስከ ተራራው እግር ያለውን ለም መሬት ያቀና ትልቅ አባት ነው አሉኝ። ጋይንት ብሄድ ቢተው። ስማዳ ብሄድ ቢተው። እስቴም ወረድኩ፤ ቢተው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። እኔም ይህ ሁሉ ሰው ሳይማከር አንድ ነገር ከተናገረ ሥራዬ የቱን ያህል የተጣራ ቢሆን ነው ብዬ በራሴ ተገረምኩ።

አጎቴ አያ ሙጬም ከስማዳ መጡ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ገብስና ባቄላ እየዘሩ፣ ከመሬታቸው ሌላ ብዙ ነገር የማይወዱ ሰው። ስልኩ ፊት ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀምጠው ቆጠሩና ቢተው ላይ ደረሱ።

"አያ ሙጬ፣ ስለ ቢተው ነግረውኝ አያውቁም እኮ" አልኩ።

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አልጠየቅኋቸውም።

አፑ ተሠርቶ ሲመጣ ሱቄ በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። ኢንተርኔት በፈለገው ቀን ስለሚመጣ በብሉቱዝ ነው ያደልኩት። መጀመሪያ የሞከሩት ጎረቤቴ ልብስ ሰፊውና አንድ የባጃጅ ሾፌር ናቸው። ስልኩ አፏጨ። በአምስተኛ ቤት ዘመዳሞች፣ በቢተው በኩል። ለዓመታት በመኪና ማቆሚያ ሲጣሉ የኖሩ ሰዎች ተቃቀፉ። ቀጥሎ ባጃጅ ሾፌሩና ሁልጊዜ የሚያስቆመው ትራፊክ ሞከሩ፤ አፏጨ። እነሱም ተቃቀፉ፣ ግን ትራፊኩ ትንሽ ላላ ባለ እጅ ነው ያቀፈው። በዚያ ሳምንት ንፋስ መውጫ ዘመድ በዘመድ ሆነ። ሱቄ ገብቶ ስልኩን ቻርጅ የሚያስደርግ ሁሉ "በስንተኛ ቤት ነበር የምንገናኘው?" እያለ ሳይከፍል ይወጣል። እኔ ግን ደስ አለኝ። ወንዶች ከወንዶች ጋር ነው የሚሞክሩት፤ አፑ ለጋብቻ መሠራቱን ከእኔ በቀር ያስታወሰ የለም፤ እኔም ረስቼው ነበር።

አሁን ስለ ትርንጎ ልናገር። ትርንጎ መካነ ኢየሱስ የምታስተምር መምህርት ናት። የተዋወቅነው ዘመድ ጥየቃ ንፋስ መውጫ መጥታ ስልኳ አልበራ ቢላት ሱቄ ገብታ ነው። ባትሪውን አውጥቼ እፍ አልኩበት። "ይህን እኔም ሞክሬዋለሁ" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳት። ሰው ሁሉ የሚያምንልህን ነገር የማታምን ሴት ስትገኝ ልብ አያስችልም። አባቷ መሪጌታ ፈንታ ናቸው፤ እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው እስቴ ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው። ልጃቸውን ከእኔ ይልቅ ለተሻለ ሰው ሊሰጡ እንደሚችሉ አውቅ ነበር፤ እንቅልፍ የሚነሣኝም ይኸው ነበር።

ታኅሣሥ ውስጥ ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ሙጬ ናቸው። በደንቡ ቢሆን ሽምግልና ላይ አግቢው አይገኝም፤ ራቅ ብሎ ይጠብቃል። እኔ ግን ስልኩን የሚነካ ሰው ያስፈልጋል ብዬ ተከትዬ ሄድኩ። አያ ሙጬ በመንገድ ላይ አንዴ ገልመጥ አድርገውኝ ነበር፤ ዘመኑ ተለውጧል አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ቆመው ለመኑ። "ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው" አሉ። መሪጌታ በክብር ትንሽ አቆይተው አስቀመጧቸውና፣ "ነገሩ መልካም ነው። እንግዲህ እናንተ የእናንተን ዘር ቁጠሩ፤ እኛም የእኛን እንቆጥራለን" አሉ። አያ ሙጬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መድከም የለብዎትም" ብዬ ስልኬን አወጣሁ።

የራሴን ስም ነካሁ፤ የትርንጎን ነካሁ። የመሪጌታ ዘር አፑ ውስጥ ነበረ፤ እንደሌላው ሁሉ እሳቸውም በሰው ልከው አስመዝግበው ኖሯል። ስልኩ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ቀይ በራ። ፉጨቱን በሱቁ ጫጫታ ውስጥ ለምጄው ነበር እንጂ በጸጥተኛ የካህን ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። ደጅ የታሰረው ውሻ መለሰለት።

"ምን አለ?" አሉ መሪጌታ።

"ምንም... ዘመዳሞች ናችሁ ነው የሚለው። በስድስተኛ ቤት።" ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። "በቢተው በኩል።"

መሪጌታ ከእኔ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው ወደ አያ ሙጬ ዞሩ። "ቢተው የእናንተም ነው?"

"የእኛ ነው እንጂ" አሉ አያ ሙጬ ቀና ብለው። "የእርስዎም ነው እንዴ?"

"ከቀድሞ ጀምሮ።"

ሁለቱም ቢተውን እስከ ልጅ ልጆቹ በአፋቸው ደግመው ቆጠሩት። አንዱም ንቅንቅ አላለም። መሪጌታ በመጨረሻ አዘኑ፤ ማዘናቸው ከፊታቸው ይታይ ነበር። "እንግዲህ ዘመዳሞች ከሆን ጋብቻው አይሆንም። ምናልባት ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተን እንደሆነ ጥምቀት አልፎ ለጊዮርጊስ ኑና ደግመን እንየው" አሉ። ምሳ ቀረበ። በዘመድነት በላን፤ ለእኔ ግን አልወረደልኝም።

ትርንጎ ማታውኑ ደወለች።

"ስልኩን ማን አውጣ አለህ?"

"አባትሽ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።"

"አባቴ ወዶህ ነበር እኮ። ቆጠራው አጠራጣሪ ቦታ ላይ ሲደርስ ሳል ይይዘዋል፤ እኔ ሳሉን አውቀዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ስታገባም እንዲሁ ነው ያሳለው። ሽማግሌዎቹም ሳሉ እስኪለቀው ሌላ ነገር ያወራሉ። አንተ ግን የማያስል ነገር ይዘህ መጣህ።"

ሽማግሌ ዘር ሲቆጥር የሚፈልገው መከልከያ ምክንያትን ብቻ ሳይሆን ማሳለፊያ መንገድንም እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጋብቻው ካልተወደደ እስከ አዳም የሚያስታውስ ሰው፣ ከተወደደ አምስተኛ ቤት ላይ መነጽሩን ይፈልጋል። ሎጂኩ ይህ ነው ብዬ ለናትናኤል እንዴት ልነግረው እችል ነበር?

በማግስቱ ከእስቴ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አያ ሙጬን፣ "ቢተው እውነት አባታችን ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አንተ አይደለህም እንዴ መሬት ሊሸጋሸግ ነው ብለህ ያስቆጠርኸን?"

"እኔ መቼ?"

"በኮምፒውተር ይመዘገባል አላልህም? ማን የማን ዘር እንደሆነ ተለይቶ ይታወቃል አላልህም? ለልጅ ልጅ ይተርፋል፣ ያልተመዘገበ ይቆጨዋል አላልህም? ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ከመሬት ሌላ ምን አለ?"

ለካ በድሮው ዘመን መሬት የሚገኘው ወደ አቅኚው አባት ቆጥሮ በመድረስ ነው፤ ሽማግሌው ሁሉ ይህን ከእነ ወዙ ያስታውሳል። እኔ ስለ አፕ ስሰብክ፣ እነሱ የሚሰሙት ርስት ነበር። ስለዚህ ሦስት ወረዳ ሕዝብ በሰልፍ መጥቶ ወደ ሰፊው መሬት ባለቤት፣ ወደ ቢተው ተጠጋ። ማንም አልተሳሳተም። እያንዳንዱ በደንብ አስቦበት ነው የቆጠረው።

"ታዲያ ዋሹ ማለት ነዋ።"

"አልዋሸሁም። አባቴ ስለ ቢተው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አባታችን ነው ይበሉ፣ ጎረቤታችን ነው ይበሉ፣ ልጅ ስለነበርኩ መጨረሻውን ሳልሰማ እንቅልፍ ወሰደኝ።"

"እንግዲያው ይተዉታ፣ አያ ሙጬ። የእሱ ዘር አይደለንም ቢሉ ትርንጎን አገባለሁ።"

አያ ሙጬ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ነገ ሽግሽግ የመጣ እንደሆነ ልጆቼ ምን ይሉኛል? አባታችን በሽማግሌ ፊት መሬታችንን ካደ አይሉኝም? እኔ መሬቴ ላይ ቀልድ አላውቅም" አሉኝ። እውነትም አያውቁም።

ንፋስ መውጫ ስደርስ የሚጠብቀኝ ሌላ ጉድ ነው። ጥር እየቀረበ ነበርና ሰው አፑን ለተሠራለት ነገር መጠቀም ጀምሯል። የሚነካካው እጮኛ ሁሉ ያፏጭበታል። አንዲት ልጅ ሱቄ ፊት ቆማ አለቀሰች። ቬሎ የሚያከራየው ሰውዬ መጥቶ፣ ልብሶቹን አንድ በአንድ የሚያውቃቸው ይመስል እየጠራ፣ "ምን በደልኩህ?" አለኝ። ለናትናኤል ደወልኩ።

"ቢተው የሚባለውን ሰው አጥፋልኝ።"

"ኮዱ ትክክል ነው" አለ።

"አውቃለሁ። ሰውየውን ነው።"

ናትናኤል ቢተውን አጠፋው። ፉጨቱ ቆመ፤ አፑ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ፤ ቬሎ አከራዩ እየሳቀ አለፈ። ደስታው እስከ ገበያ ቀን ቆየ። በገበያው ቀን ሽማግሌዎች ከሦስቱም ወረዳ በአንድነት ሱቄን ከበቡት። ፊታቸው የቀብር ፊት ነበር።

"አባታችንን የት አደረስኸው?" አሉኝ።

"አባቶቼ፣ ይህ እኮ ለጋብቻ ብቻ ነው። ስለ መሬት ምንም የለበትም።"

እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ሽማግሌ በእርጋታ፣ "ጋብቻ ነው ብትለን ኖሮ ሌላ አባት እንቆጥርልህ ነበር" አሉኝ።

ተነጋግረው የደረሱበት ውሳኔ ይህ ነው፦ ቢተው ይመለስ፣ ነገር ግን ለመሬት ብቻ ይሁን፤ ሰርግ ሲመጣ እንዳይኖር። ለናትናኤል ደውዬ ይቻላል ወይ አልኩት።

"አንድ ሰው ወይ አለ ወይ የለም" አለኝ።

"ጋይንት መጥተህ አታውቅም ማለት ነው" አልኩት።

ቢተውን መለሰውና ከዚያ በኋላ ስልኬን ማንሣት ተወ። አልቀየምኩትም። የእኔ የአፕ ሥራም በዚያው አበቃ፤ ሰዉ አንድ በአንድ ከስልኩ አጠፋው፣ እኔም ወደ ባትሪዬ ተመለስኩ። የእኔ የጋብቻ ጉዳይ ግን አፑ በመጥፋቱ አልተፈታም። መሪጌታ በትርንጎ በኩል የላኩብኝ ቃል፣ "ስልኩ ቢያጠፋውም እኛ በአፋችን ተናግረናል" የሚል ነበር። ሁለት የተከበሩ ሰዎች በሽማግሌ ፊት ቢተው አባቴ ነው ብለዋል። ወይ አንዱ ቃሉን ይበላል፣ ወይ እኔ ትርንጎን አጣለሁ። መሪጌታ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ ዋሽቼ ነበር ሊሉ አይችሉም፤ እንዲሉም አልመኝላቸውም። የቀሩት አያ ሙጬ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ከእስቴ ከተመለስን ወዲህ በዚህ ነገር ቃል ተንፍሰውልኝ አያውቁም።

ለጊዮርጊስ ሄድን። በዚህ ጊዜ አልገባሁም፤ ስልኬንም ሱቅ ጥዬው መጣሁ። ከአጥሩ ወዲህ ጭድ ክምር ጥግ ቆሜ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ትርንጎ ከማድ ቤቱ በር ላይ ብቅ ብላ አየችኝ፤ ሳቅም ሰላምታም አልነበራትም፤ ዝም ብላ እዚያው ቆመች። ፈራሁ። ሱቄ ቢቃጠል ያን ያህል የምፈራ አይመስለኝም።

ድምፃቸው ይሰማ ነበር። የጤና፣ የሰብል፣ የጥምቀት ወሬ ተወርቶ አለቀ። ከዚያ መሪጌታ፣ "እንግዲህ?" አሉ።

አንድ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። አያ ሙጬ ተቀምጠው የሚናገሩትን ነገር ተነሥተው ሊናገሩ ነው።

"መሪጌታ፣ እኛ ከቢተው አንወርድም" አሉ። "ቢተውን የማውቀው በወሬ ነው። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ስሙልኝ፤ ነገ ከእኔ ወገን ተነሥቶ የቢተው መሬት ይገባኛል የሚል ቢመጣ፣ ሙጬ አይገባንም ብሏል በሉት።"

ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ቀጠነ። መሬት ላይ ቀልድ የማያውቁ ሰው በስማዳና በእስቴ ሽማግሌ ፊት መሬታቸውን ትተው ቆመዋል። እንባዬ መጣ፤ ጭዱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

"እርግጠኛ ነዎት?" አሉ መሪጌታ። "ዛሬ ጊዮርጊስ ነው።"

"ነው እንጂ። ታላቅ ቀን ነው" አሉ አያ ሙጬ።

መሪጌታ ይህ መልስ እንዳልሆነ የማያውቁ ሰው አልነበሩም። ከዚያ መሪጌታን ሳል ያዛቸው። ረጅም፣ ደረቅ፣ የማያልቅ ሳል ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ስለ ገብሱ ማውራት ጀመሩ። ትርንጎ ማድ ቤቱ በር ላይ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሳሉ ሲለቃቸው መሪጌታ፣ "እንግዲያው ይቀመጡ፣ አያ ሙጬ። ልጃችን ልጃችሁ ናት" አሉ።

ማታ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ውጭ አውድማ ላይ የቀረ ጭድ ነፋስ ይበትነዋል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ግን አንድ ነገር ውስጤን ይበላኝ ነበር። ከቢተው የምንወርድ ከሆነ እኮ ትርንጎ በስድስተኛ ቤት እኅቴ ናት።

"አያ ሙጬ።"

"አቤት።"

"እውነቱን ይንገሩኝ። የዋሹት ያኔ ነው ወይስ ዛሬ?"

በመስኮት መሬቱን እያዩ ቆዩ፤ የማንም ይሁን የማን፣ መሬት ሲያዩ ዓይናቸው አይጠግብም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጅቱን ትወዳታለህ?"

"እወዳታለሁ።"

"ያኔ ነው" አሉኝና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ተኙ።